በአንድ «አሜን» ወደ ሥራ ገበታዬ ስለመመለሴ

ለክቡር አቶ እስክንድር
የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር
ዲላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎስ? ጉሮሮዎስ? ቤቴ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ስለሆነ በየማለዳው በሰልፍ ላይ በሜጋፎን የሚናገሩት ሁሉ ጥርት ብሎ ይደርሰናል፤ ስለዚህ ደኅና ማደርዎን እኔም እናቴም በየቀኑ እናውቃለን። ይህ ጤና እንዳይለይዎ፣ ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ እንዲያበቁ፣ ድምፅዎም እስከ ጡረታዎ እንዳይሻክር ከልቤ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም። ድምፅ ያለው ሰው ምን ያህል የታደለ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በዚህ ከተማ ብዙ አይገኝም።

ጉዳዬን በአደባባይ በማቅረቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቢሮዎ ገብቼ በቃል እንዳላስረዳ ድምፅ የለኝም። በጽሑፍ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ደግሞ ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ አልፈው እንደማያውቁ ራሷ ጸሐፊዋ አዝናልኝ ነግራኛለች። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፌያለሁ፤ ሌላውን በመምህራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ልኬዋለሁ። ባይነበብም እንኳ የሚታይ ቦታ ላይ መቀመጡ አይከፋም።

እርስዎ ቢያውቁኝም መንገድ ላይ ቆሞ ለሚያነብ ሰው ራሴን ላስተዋውቅ። መሰለች ተሻገር እባላለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል አማርኛ አስተምር ነበር። ድምፄ ይታወቅ ነበር። የዲላ ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሌሎች መምህራን ጠመኔያቸውን አስቀምጠው እስኪያባራ ይጠብቃሉ፤ እኔ አልጠብቅም ነበር። ያን ሁሉ ልጅ በአንድ ክፍል አጭቀው ሲሰጡኝም የመጨረሻው ወንበር ድረስ አዳርስ ነበር። እርስዎም በመምህራን ስብሰባ ላይ መሰለች እያለች ሜጋፎን ምን ያደርጋል ብለው አሞግሰውኛል። ሜጋፎኑን ለክፍል እንዲያውሱኝ የጠየቅሁት በዚያው ስብሰባ ላይ ስለነበር ሙገሳው መልስም ጭምር ነበር።

ከዚያ በኋላ ድምፄ መሻከር፣ ቀጥሎም መቆራረጥ ጀመረ። ሐዋሳ ሄጄ ስመረመር የድምፅ አውታሬ ላይ እባጭ በቅሎ ተገኘ፤ በቀዶ ሕክምና ወጣልኝ። ሐኪሙ የሰጠኝ ዋናው መድኃኒት ዝምታ ነበር። እስከ ፋሲካ ማግስት ክፍል እንዳልገባ የሕመም ፈቃድ ጻፈልኝ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ ማውራት ቀርቶ ማንሾካሾክም ከለከለኝ። ቁስሉ ሳይድን ከጮኽሽበት ጠባሳ ይይዛል፣ ጠባሳ ከያዘ ደግሞ የበፊቱ ድምፅሽ አይመለስም ብሎ በግልጽ አስጠንቅቆኛል። ማኅተም ያለበትን ወረቀት እርስዎ በእጅዎ ተቀብለው «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለውኛል።

እቤት የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ ከገጠር ከጪጩ አምጥቼ ከእኔ ጋር አኖርኳት። ለማያይ ሰው ዝም ያለ ሰው እንደሌለ ነው፤ ስለዚህ ዘዴ ፈጠርን። ወደ ክፍሉ ስገባ እጇን ይዤ መዳፏን መታ መታ አደርጋለሁ፤ እሷም «መሰለችዬ ነሽ» ትላለች። ቀኑን በዚህ እንገፋው ነበር። ፋሲካ መቼ ነው እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ትጠይቃለች፤ በዕድሜዋ ፋሲካን እንደዚያ ዓመት ጓጉታ ጠብቃው አታውቅም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ ልትጠይቁኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እሑድ ከአምልኮ መልስ እርስዎና የማኅበራዊ ጉዳይ ኮሚቴው ስኳርና ብርቱካን ይዛችሁ ቤቴን ሞላችሁት፤ ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤቴ ከናኢማ ሱቅ አግዳሚ ተዋስን። ጉሮሮዬን እያሳየሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ እያደረግሁ፣ በፈገግታ አስተናገድኳችሁ። የማይናገር ሰው የማይሰማ ይመስል ሁሉም እየጮኸ ስላናገረኝ ጥቂት ራሴን አሞኝ ነበር፤ ግን በሽተኛን መጠየቅ ትልቅ ነገር ነውና ቅር አላለኝም። የሥራ ባልደረባ አስታውሶ ሲመጣ ደስ ይላል፤ በእውነት ደስ ብሎኝ ነበር።

፪ኛ፣ ስለጸሎቱ አመሰግናለሁ። እኛ ዘንድ በሽተኛ ተጠይቆ ሳይጸለይለት ተነሥቶ የሚሄድ ሰው የለም፤ ጸሎቱንም እንደ አንጋፋነትዎ እርስዎ መሩት። በጉሮሮዬ ጀመሩ። ከጉሮሮዬ ባለፈው ዓመት የስምንተኛ ክፍል ውጤታችን ስላሳፈረን ነገር ተሻገሩ። ከዚያ በዚያው ሳምንት ከዞን ስለሚመጣው የሱፐርቪዥን ቡድን፣ ስለአቀባበሉ፣ ስለምዘና ነጥቡ ጭምር ጸለዩ፤ ዕቅድ ክንውን እንዲህ በዝርዝር ወደ ሰማይ ሲቀርብ እኔ ሰምቼ አላውቅም። በመጨረሻም ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን መሰለችን በነገው ሰኞ በክፍሏ ቆማ እናያት ዘንድ ድምፅዋን መልስላት» አሉ።

ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ።

እንዴት እንዳመለጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። በእናቴ ጀርባ ከታዘልኩበት ጊዜ ጀምሮ ስለው የኖርኩት ቃል ነው። ራስ ላይ እጅ ተጭኖ ሲጸለይለት አሜን የማይል ሰው እኛ ዘንድ በረከቱን በእጁ እንደገፋ ይቆጠራል፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ሐኪሙም ከነማስጠንቀቂያው ተረሳኝ። ቃሉ ደግሞ ከቀድሞው ድምፄ በልጦ ጥርት ብሎ ወጣ። እናቴ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «መሰለችዬ!» አለች፤ ወዲያው እልልታው ቀለጠ። አንዷ መምህርት አለቀሰች። እርስዎ እጅዎን ወደ ላይ ዘርግተው ተፈውሳለች አሉ። አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ እኔም የተፈወስኩ መስሎኝ ነበር።

በዚህ መሀል ናኢማ የሠራችልኝን የቡላ አጥሚት ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ነገ ክፍል ትገባለች ሲባል ሰምታ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አሜን ያለችው ለፈጣሪዋ ነው እንጂ ለእናንተ ሥራ እገባለሁ አላለችም» አለች። እርስዎም ሱቅ የምትጠብቅ፣ በእምነትም የተለየች ጎረቤት እንዲህ ያለው ነገር አይገባትም በሚል ዓይነት ፈገግ ብለው አለፏት። ከዚያ ሁሉ ዲግሪና ዲፕሎማ መካከል አንድ ሰው እንኳ አልደገፋትም፤ እኔም መናገር ተከልክዬ ነበር።

፫ኛ፣ በማግስቱ በሰልፍ ላይ መፈወሴን ስላበሠሩልኝ አመሰግናለሁ። እኔ እቤት ተኝቼ ነበር። በሜጋፎኑ ስሜ ሲጠራ፣ መምህርት መሰለች በጸሎት ድና ወደ ሥራ ገበታዋ ተመልሳለች ሲባል፣ ልጆቹም ሲያጨበጭቡ ከአልጋዬ ሳልነሣ ሰማሁ። ሥራ መግባቴን ከቀጣሪዬ በአጥር ማዶ የሰማሁ የመጀመሪያዋ መምህርት ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ ምክትልዎ አቶ ተሻለ ቤቴ መጣ። የሐኪሙን ማስጠንቀቂያ ጽፌ ሰጠሁት፤ አንብቦ ወደ እርስዎ ይዞት ሄደና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተመለሰ። መልስዎን እንደ አደራ ዕቃ ቃል በቃል ነበር ያደረሰልኝ። «የሐኪሙ ወረቀት የተጻፈው ከጸሎቱ በፊት ነው» ብለዋል አለኝ።

ክቡር ሆይ፣ ይህንን ክርክር ብዙ አስቤበታለሁ። ያ ወረቀት ስለታመመችው መሰለች የሚናገር ነው፤ የዳነችውን አይመለከትም ማለት ነው። አቶ ተሻለ ይህን ሲያደርስ ዓይኔን ማየት አቅቶት በሩን ነበር የሚያየው፤ እሱን አልፈርድበትም፤ ልጆች ያሳድጋል። ወደ ናኢማ ሱቅ ብቅ ስል ወላጆች ጌታ ይመስገን እያሉ እጄን ይጨብጡኛል። ከቤተ ክርስቲያን ደውለው ምስክርነት የምትሰጪው መቼ ነው ይሉኛል። እቤት ብቀር አልዳንኩም ማለቴ ነው፤ አልዳንኩም ብል ደግሞ ከማን ጋር ልጣላ? ከእርስዎ ጋር መጣላት ይቻላል፤ እርስዎ ግን ከፊትዎ እግዚአብሔርን አቁመውብኛል። ስለዚህ ጠመኔዬን ይዤ ገባሁ።

፬ኛ፣ ስለሱፐርቪዥኑ ቀን አመሰግናለሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ በዝግታ እያወራሁ፣ የቀረውን በሰሌዳ እየጻፍኩ፣ ልጆቹም አዝነውልኝ ትንፋሻቸውን ውጠው እየተቀመጡ እንደምንም አቆይቼው ነበር። የሱፐርቪዥኑ ቡድን ከኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ግን ዝናቡ መጣ። ከእንግዶቹ አንዱ እጁን ጆሮው ጀርባ አድርጎ አይሰማኝም አለ። በሩ ላይ ወደቆሙት ወደ እርስዎ ተመለከትሁ። ይበቃል ይሉኛል፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንጠብቅ ይሉኛል ብዬ ነበር ያየሁዎ። እርስዎ ግን መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አሉኝ። ሜጋፎኑ በትከሻዎ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እኔም ከፍ አደረግሁ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ዝናቡን በልጬ አስተማርኩ። እንግዶቹ አጨበጨቡልኝ፤ አስተያየት መጻፊያቸውም ላይ ስለ መምህሯ ብርታት ጽፈዋል ተባለ። ትምህርት ቤታችን በዞኑ ከተመሰገኑት አንዱ ሆነ፤ የምስክር ወረቀቱም በመስተዋት ገብቶ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ከወንበርዎ በላይ ተሰቅሏል። ያምራል። በዚያ ወረቀት ላይ ያለው ማድነቂያ ሁሉ የእኔ የመጨረሻ ድምፅ መሆኑን ለማያውቅ እንግዳ፣ ሻይ እየጠጣ የሚያየው መልካም ነገር ነው።

በማግስቱ አፌን ስከፍት ምንም አልነበረም። ሐዋሳ ተመለስኩ። ሐኪሙ በመሣሪያው ጉሮሮዬን አይቶ ሲያበቃ «ማን አናገረሽ?» አለኝ። እስክሪብቶ አቀበለኝ። ምን ብዬ ልጻፍለት? ጸሎት ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤ ጸሎት አላናገረኝም። ርዕሰ መምህሬ ብዬ ጻፍኩና እሱንም ሰረዝኩት፤ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን እንዲሁ መለስኩለት። ጠባሳ ይዟል፣ ከዚህ በኋላ የሚወጣ ነገር ካለ ትንፋሽ ነው እንጂ ድምፅ አይሆንም አለኝ፤ ሲናገር ጎንበስ ብሎ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም።

፭ኛ፣ አዲስ ስለሰጡኝ ምድብ አመሰግናለሁ። ማስተማር ስለማትችል ወደ ቤተ መጻሕፍት ትዛወር ብለው የጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። በሩ ላይ «ጸጥታ ይከበር» ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ስለሆነ ከእኔ የተሻለ ሠራተኛ አያገኙለትም። ልጆች ሲንጫጩ ዝም በሉ የምልበት ስለሌለኝ ጠረጴዛውን በማስመሪያ እመታለሁ። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን ስገባ በገዛ ፈቃዳቸው ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ተነሥቼ ከመደርደሪያው ኋላ እሄዳለሁ፤ መጽሐፍ የማስተካክል እንዲመስላቸው።

፮ኛው የዞኑ መሥሪያ ቤት ስለጠየቀዎ ጉዳይ ነው፤ እንዲጣራልኝ አመልክቼ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ማብራሪያ እንዲያቀርቡ ለእርስዎ ጻፈ፤ እርስዎም መምህሯ የሕመም ፈቃዷ ሳያልቅ የተመለሰችው በራሷ ፈቃድ ነው፣ ፈቃደኝነቷንም በብዙ ምስክሮች ፊት በድምፅዋ አረጋግጣለች ብለው መለሱ። ምስክሮቹ ተጠሩ፤ ሁሉም አሜን ስትል ሰምተናል አሉ። እውነታቸውን ነው። ማንም አልዋሸም፤ እኔም የምክደው ነገር የለኝም። ናኢማን ግን ማንም አልጠራትም፤ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አይደለችማ። ጉዳዬ በዚሁ ተዘግቷል፤ ይግባኝ የሚባል ነገርም እንደማይፈይድልኝ አውቃለሁ።

ከእግዚአብሔር ጋር ጠብ የለኝም። ይህን ለሚያነብ ሁሉ ግልጽ ይሁንልኝ። ያ አሜን አሁንም የእኔ አሜን ነው፤ እሱ ዘንድ ደርሶ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። እኔ የሚቆጨኝ በመንገድ ላይ እርስዎ ተቀብለው መፈረምዎ ነው።

ከተራ ቁጥሩ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ፋሲካ መቼ ነው ማለት ትታለች፤ ፋሲካ ካለፈ ቆየ። ጠባሳውን ናኢማ አስረድታታለች፤ አንዳንድ ቀን ይገባታል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋባታል። አሁንም እንደገባሁ መዳፏን መታ መታ አደርጋለሁ። በቀደም ማለዳ እንደዚያ ሳደርግ የእርስዎ ሜጋፎን ከግቢው እየተሰማ ነበር። እጄን በሁለት እጇ ይዛ ደባበሰችውና «ይኼስ የመሰለች እጅ ነው፤ መሰለችስ ምነው ቀረች?» አለችኝ። መልሱን የምነግራት በምን እንደሆነ እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።

ልመናዬ ስለራሴ አይደለም፤ የእኔ አንዴ ሆኗል። የሒሳብ መምህርቷ ሉሲ በባጃጅ መገልበጥ እግሯ ተሰብሮ በጄሶ ታስራ እቤቷ ተኝታለች፤ ኮሚቴው በመጪው እሑድ ሊጠይቃት እንደተዘጋጀ ሰምቻለሁ። ሂዱ፣ ጠይቋት፣ ብርቱካኑንም አትርሱ። ጸልዩላትም። ብቻ ቀን አትቁረጡባት። እግሯን ለጌታ ስትሰጡ ሰኞን ለእሱ ተዉለት። ይህን እየጻፍኩ እንኳ ሉሲ ለሰኞ ፈተና ጥበቃ ከወዲሁ መመደቧን ጸሐፊዋ ነገረችኝ፤ ስለዚህ ይህም ልመና ጠረጴዛዋ ላይ እንደሚቀር ይገባኛል። ቢሆንም ሉሲ ስልክ አላትና ይህን ደብዳቤ ለእሷም ልኬላታለሁ፤ እሑድ አሜን እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነክሳ ትቀመጥ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ራሴ መች ቻልኩ።

ለጥየቃው፣ ለጸሎቱ፣ ለማብሠሩ፣ ለጭብጨባው፣ ለጸጥታውም ክፍል ያለኝን ምስጋና በድጋሚ እያቀረብኩ፣ ለወንበርዎ ዕድሜን፣ ለግድግዳዎ ተጨማሪ የምስክር ወረቀቶችን፣ ለሜጋፎንዎ የማያልቅ ባትሪን ተመኝቼ፣ በአንድ ቃል የተመለሰች፣ ዛሬ ግን አንድ ቃል የማይወጣት ታዛዥ ሠራተኛዎ ሆኜ እቀራለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
መሰለች ተሻገር
የቀድሞ የአማርኛ መምህርት፣ የአሁን የጸጥታው ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦
— ለናኢማ፣ በሰዓቱ ለተናገረችው

ማስታወሻ፦ ኮሚቴው ስለጤንነቴ በድጋሚ ሊጸልይ ቤቴ መምጣት እንደሚፈልግ በአቶ ተሻለ በኩል የላኩት መልእክት ደርሶኛል። ቤቴ ክፍት ነው፤ አግዳሚም ከናኢማ እንዋሳለን። ብቻ ስትመጡ፣ በእኔ ፈንታ አሜን የሚል ሰው ይዛችሁ ኑ።